ለጾም የደረሰ ልጅ እውነት ለመስማት አልደረሰም?

በምዕራብ አውስትራሊያዋ የፐርዝ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት፣ ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው ብዙ ልጃገረዶች ቅዳሜና እሑድን አሻንጉሊት ታቅፈው ያሳልፉ ነበር። አሻንጉሊቷ ጨቅላ ሕፃን ታክላለች፤ በውስጧ ኮምፒዩተር አለ። እኩለ ሌሊት ላይ ታለቅሳለች። ጡጦ ፈልጋ ይሁን፣ ዳይፐር ይቀየርልኝ ብላ፣ ግሳት ይዟት ወይስ መታቀፍ አምሯት፣ ገምታ መድረስ የልጅቷ ፈንታ ነው። አንገቷን ሳትደግፍ ካነሣቻት፣ ስታለቅስ ሰምታ ዝም ካለቻት፣ ኮምፒዩተሩ ይመዘግባል። ሁለቱ ቀናት ሲያልፉ መዝገቡ ይታያል፤ አሻንጉሊቷም ወደመጣችበት ትመለሳለች።

ሐሳቡ ለሰሚው ሁሉ ሚዛን የሚደፋ ነበር። ልጅ ማሳደግ ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚነሣ በገዛ ሌሊቷ የቀመሰች ተማሪ፣ ያለዕድሜዋ ላለማርገዝ ትጠነቀቃለች ተባለ። መሣሪያው መጀመሪያ የተሠራው አሜሪካ ውስጥ ሲሆን ወደ ብዙ አገሮች ተሠራጭቷል። ብዙ ገንዘብም ፈሶበታል።

ሳሊ ብሪንክማን የተባለችው አውስትራሊያዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ግን በ57 ትምህርት ቤቶች የነበሩ ከ2,800 በላይ ልጃገረዶችን እስከ 20 ዓመታቸው ድረስ በሆስፒታልና በክሊኒክ መዝገብ ተከታተሉ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። አሻንጉሊቷን ካሳደጉት መካከል 8 በመቶው በዚያ ዕድሜ ወልደዋል፤ ካላሳደጉት መካከል የወለዱት 4 በመቶ ነበሩ። ጽንስ ያቋረጡትም በመጀመሪያዎቹ 9 በመቶ፣ በሁለተኛዎቹ 6 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከእርግዝና እንዲያርቅ የተሠራው መሣሪያ ባለፈበት እርግዝናው በዛ።

ብዙዎች ይህን የአንድ አሻንጉሊት ጉድለት አድርገው አልፈውታል። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። ዛሬ ጎረምሶችንና ኮረዶችን ስለ ጤናቸው ለማስተማር የማይሠራ መሣሪያ የለም፤ የስልክ መተግበሪያ፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ የሬዲዮ ድራማ፣ ካርቱን፣ አሁን ደግሞ እንደ ሰው የሚያወራ ኮምፒዩተር መጥቷል። ከሁሉም ሥር አንድ ጥያቄ ተኝቷል፤ ጥያቄውም የቴክኒክ ሳይሆን የእምነትና የፍልስፍና ነው። ነጻ ፈቃድ ያለውን ፍጡር በመሣሪያ ማስፈራራት ማስተማር ይባላል ወይ? ለሥራው በፈጣሪ ፊት ተጠያቂ ነው ያልነው ልጅስ ስለ ገዛ አካሉ ሙሉውን እውነት የመስማት መብት የለውም ወይ?

አሪስጣጣሊስ በዚህ ጉዳይ ወጣቱን አይደግፍም። ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው ታላቅ መጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ ወጣት ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ተስማሚ አድማጭ አይደለም ይላል። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፤ የሕይወት ልምድ ያንሰዋል፣ ስሜቱንም ስለሚከተል የሰማው ነገር አይጠቅመውም። በዕድሜ ልጅ ይሁን በጠባይ ልዩነት እንደሌለው መጨመሩን ግን መዘንጋት አይገባም። ይህ አስተሳሰብ ግሪክ ውስጥ አልቀረም። በየቤታችን «ገና ልጅ ነች፣ ምን ታውቃለች»፣ «ዐይኑን አትግለጡበት» እየተባለ ይኖራል።

የዘመኑ ሳይንስ ለአሪስጣጣሊስ ግማሽ ምስክርነት ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጎረምሶችንና አዋቂዎችን በኮምፒዩተር መኪና የማሽከርከር ጨዋታ አጫወቷቸው። ጎረምሶቹ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሆነው ሲያዩአቸው ከብቻቸው ይልቅ ብዙ ደፈሩ፤ አዋቂዎቹ ላይ ግን የጓደኛ መኖር ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ የስሜት ግፊት እውነት ነው። ያልታሰበው ሌላው ግማሽ ነው። ቫለሪ ሬይናና ፍራንክ ፋርሊ እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናቶችን ሰብስበው እንዳሳዩት፣ ጎረምሶች አደጋን አቃልለው የሚያዩ ፍጡራን አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ከልኩ በላይ አግዝፈው ይገምቱታል። እንግዲህ የጎደላቸው ፍርሃት ካልሆነ፣ ፍርሃት የሚጨምር መሣሪያ ምን ይጨምርላቸዋል?

መልስ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ኬንያ መሻገር ያስፈልጋል። በዚያ አካባቢ በ328 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሰፊ ጥናት ሲካሄድ፣ በግማሾቹ መምህራኑ መንግሥት ያወጣውን የኤችአይቪ ትምህርት እንዲያስተምሩ ሠልጥነው ነበር። የትምህርቱ ዋና መልእክት እስከ ጋብቻ መታቀብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢኮኖሚስቷ ፓስካሊን ዱፓ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች በ71ዱ ሌላ ነገር ሞከረች። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ወደ ስምንተኛ ክፍል ገብቶ 40 ደቂቃ ያህል ከተማሪዎቹ ጋር ቆየ። መጀመሪያ ዩኒሴፍ ያሠራውን፣ ሳራ የተባለች አፍሪካዊት ተማሪ የምትታይበትን የ10 ደቂቃ ካርቱን አሳያቸው። በታሪኩ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጣት ሰው በደግነት ስም ሊያጠምዳት ይሞክራል። ካርቱኑ ሲያልቅ ውይይት ተከፈተ፤ ቀጥሎም በኪሱሙ ከተማ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ወንዶችና ሴቶች በየዕድሜያቸው ስንት በመቶ እንደሆኑ በሰሌዳው ላይ ተጻፈ። ልጃገረዶቹ ስለ በሽታው ከዚያ በፊት ሰምተዋል። የማያውቁት ከእኩያቸው ይልቅ ስጦታ የሚሰጣቸው፣ የተከበረውና ጎልማሳው ሰው በብዙ እጥፍ አደገኛ መሆኑን ነበር።

በዓመቱ ትምህርቱን ያገኙት ልጃገረዶች እርግዝና በ28 በመቶ ቀነሰ። ከትልልቅ ወንዶች የሚያዘው እርግዝና ደግሞ ከግማሽ በላይ ወረደ። መታቀብን ብቻ የሰበከው መደበኛ ትምህርት በእርግዝና ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

ሃይማኖተኛ አንባቢ እዚህ ላይ ቅር ሊለው ይችላል፤ ቅሬታውም በአክብሮት መሰማት አለበት። ምክንያቱም የኬንያው ትምህርት ልጃገረዶቹን ሁሉ ከግንኙነት አላገዳቸውም፤ ብዙዎቹን ከትልልቅ ወንዶች አራቃቸው እንጂ። ንጽሕናን መስበክ የቤተ እምነቶች ድርሻ ነው፤ ማንም ሊወስድባቸው አይገባም። ነገር ግን ስብከቱ ሰሚው ባለማወቁ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ልጅቷ አንድ ቀን እውነቱን ከሌላ ሰው የሰማች ዕለት ስብከቱ አብሮ ይወድቃል። ለትልቁ ሰው ማታለያ ያጋለጣትም ያ ዝምታ ነው።

የኬንያው ነገር ወደ ቦትስዋና ሲሻገር ሌላ ትምህርት ተገኘበት። እዚያ በ229 ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ መረጃ በሁለት መንገድ ቀረበ፤ በአንዳንዶቹ የክፍሉ መምህር፣ በሌሎቹ ደግሞ በዕድሜ ለተማሪዎቹ የቀረቡ ወጣቶች አቀረቡት። ወጣቶቹ ባስተማሩበት ከዓመት በኋላ እርግዝና በሲሶ ያህል ቀነሰ። መምህራኑ ባስተማሩበት የተረጋገጠ ለውጥ አልተገኘም። መረጃው አንድ ነው፤ የተለየው ተናጋሪው ነው። የትኛውም መሣሪያ ሰሚው የሚያምነው ሰው ከጀርባው ከሌለ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ እምነት መጻሕፍት እንመለስ። በክርስትና ትምህርት የመጀመሪያው የጤና ማስጠንቀቂያ የተሰጠው በገነት ነው ማለት ይቻላል። አዳም ከዛፏ ቢበላ ምን እንደሚከተለው በግልጽ ተነገረው፤ ዛፏ ግን አልታጠረችም። እውነቱና ነጻነቱ አብረው ተሰጡት። መጽሐፈ ሲራክም እሳትና ውኃ በሰው ፊት እንደተቀመጡና ሰው እጁን ወደወደደው እንደሚዘረጋ ያስተምራል፤ ስለ ነጻ ፈቃድ ሲሰበክ ይህን ቃል የማይጠቅስ ሰባኪ ጥቂት ነው። በእስልምና ደግሞ ልጅ ባሊግ እስኪሆን ድረስ የመላእክት ብዕር ኃጢአቱን አይጽፍበትም፤ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ከደረሰ በኋላ ግን ሶላቱም ጾሙም ግዴታው፣ ሥራውም በራሱ አንገት ላይ ነው።

ሁለቱም እምነቶች ልጅን ገና በሰባት ዓመቱ ያለማምዱታል፤ የክርስቲያኑ ልጅ ጾም ይጀምራል፣ የሙስሊሙ ልጅ ስገድ ይባላል። በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅቷ ንስሐ የምትገባ፣ የምትጾም፣ በፍርድ ቀን ስለ ራሷ የምትመልስ ሙሉ ነፍስ ናት። አሪስጣጣሊስ ብቁ አድማጭ አይደለም ያለውን ልጅ እነዚህ እምነቶች ከተጠያቂዎች ተራ አሰልፈውታል። ተጠያቂነቱን ጭኖ ዕውቀቱን መንሣት ፍርድ የጎደለው ነገር ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚህ አያልፍም።

ስለ ሰውነት መናገርን የከለከለው እምነቱ ራሱ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የወሎ ደረሳ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ኪታቡን ሲቀራ ስለ ሐይድ (ወር አበባ)፣ ስለ ጠሃራ (ንጽሕና) እና ስለ ትጥበት ሳያፍር ከነዝርዝሩ ይማራል። የነቢዩ ባለቤት አኢሻም የመዲና ሴቶችን ሃፍረት ሃይማኖታቸውን ከመጠየቅ ስላላገዳቸው አመስግነዋቸዋል። የኦሪት መጻሕፍት ስለ ወር አበባና ስለ ልጅ መውለድ በስሙ ጠርተው ይናገራሉ፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጋብቻ ሲደነግግ አይሸማቀቅም። «ነውር ነው» ብሎ አፍ የሚያስይዘው ከመቅደሱና ከመስጊዱ ይልቅ ሳሎኑ ነው።

ሳሎኑ ዝም ስላለ ግን ሕይወት አልቆመችም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ከጥቂት ወራት ሳይሞላቸው ነው። ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከልም 13 በመቶው ወልደው ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ተገኝተዋል። «ገና ልጅ ናት» ተብላ ምንም ያልተነገራት ልጅ፣ «ደርሳለች» ተብላ ተድራለች። ከአንድ ቤት፣ ከአንድ አፍ፣ በጥቂት ወራት ልዩነት የሚወጡት እነዚህ ሁለት ፍርዶች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚታረቁ ማንም ለልጅቷ አስረድቷት አያውቅም።

በዚሁ አገር ግን ሌላ መንገድም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 «የቀን ቅኝት» የተሰኘው የሬዲዮ ድራማ በ257 ክፍሎች በአማርኛ ተላለፈ። ያዘጋጀው ዶክተር ንጉሤ ተፈራ የመሩት የፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የኢትዮጵያ ጽሕፈት ቤት ነው። ድራማው ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ሴቶች ላይ ስለሚደርስ በደል ያነሣል። የአጻጻፉ ብልሃት ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቴሌቪዥን ድራማዎቹ ያሳደገው ነው። በዚህ ብልሃት ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያት አሉ፤ ጥሩው፣ ክፉውና መካከለኛው። የታሪኩ ልብ ያለው መካከለኛው ዘንድ ነው። እሱ ያመነታል፣ ይሳሳታል፣ ዋጋ ይከፍላል፣ ይመለሳል ወይም ሳይመለስ ይቀራል። አድማጩ ለወራት አብሮት ይከራከራል፤ ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላም ከጎረቤቱ ጋር ይቀጥላል።

ይህ ከፐርዟ አሻንጉሊት በምን ይለያል? አሻንጉሊቷ ሌሊቱን አሳየች፤ ዓመታቱን አላሳየችም። የእናትነትን ድካም ለሁለት ቀን አከራይታ ወሰደችው፤ በዚያ ላይ ልጅቷን የጓደኞቿ ዓይን ማረፊያ አደረገቻት። ከልጅቷ የሚጠበቀው መደንገጥ ብቻ ነበር። ድራማው ግን ምርጫው የገጸ ባሕርይው እንደሆነ፣ የሚከተለውም ነገር በምርጫው የመጣ እንደሆነ አሳይቶ ፍርዱን ለአድማጩ ይተዋል። ለ«የቀን ቅኝት» አዘጋጆች ከ15 ሺህ በላይ የአድማጭ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ደብዳቤ የበሽታን መቀነስ አያረጋግጥም፤ ይህን መቀበል ተገቢ ነው። ሰው ብዕር የሚያነሣው ግን የሚሰማው ሲያገኝ ነው።

የማይሰማ መሣሪያ ምን እንደሚመስል ኢትዮጵያ ውስጥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሁሉ ያውቃል። የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በሳተላይት የመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይቀጥላል፤ አንድ ተማሪ ያልገባው ነገር ቢኖር አቁም የሚለው ሰው የለም። ለክፍሉ መምህር የተተወችለት መክፈቻና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረች። በሒሳብ ትምህርት ይህ ጉዳት ነው። ስለ ወር አበባ፣ ስለ ጫት፣ ስለ ድብርት ወይም ስለ መደፈር ሲሆን ደግሞ መጠየቅ ያልተቻለው ጥያቄ ራሱ የልጁ ሕይወት ሊሆን ይችላል። ዊዝ ኪድስ የተባለው የብሩክታዊት ጥጋቡ ተቋም «ጥበብ ገርልስ» በተሰኘው ካርቱኑ የወር አበባን ነገር በግልጽ ማንሣቱ የሚመሰገነው ለዚህ ነው፤ ዝም ተብሎ የኖረውን ነገር ልጅቷ እናቷ ባለችበት ልታየው፣ አይታም ልትጠይቅ ትችላለች። ኤችአይቪ በበረታበት ዘመን የተከፈተው 952 ነጻ የስልክ መስመርም ስም ሳይጠይቅ ጥያቄ የሚቀበል ጆሮ ነበረ።

ጆሮ ስንል ግን አዲስ አደጋ ይመጣል። ዛሬ መሣሪያው ራሱ ይሰማል፤ የሰማውንም ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ሚሊዮኖች የወር አበባቸውን የሚከታተሉበት ፍሎ የተባለው መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል አሳልፏል ብሎ ከሰሰው። ጉዳዩ ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በስምምነት ተዘጋ። የንስሐ አባት የሰማውን ይዞ ወደ መቃብር ይወርዳል፤ ይህ ሕጉ ነው። ልጅቷ ለእናቷም ያልነገረችውን የምትነግረው መሣሪያ በምን ሕግ እንደታሰረ፣ ስልኩን የገዛላት ወላጅ እንኳ አያውቅም። እንደ ሰው የሚያወሩት ኮምፒዩተሮች ነገሩን አክብደውታል። ካራክተር ኤአይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሠራቸው ገጸ ባሕርያት ጋር እንደልብ እንዳያወሩ ወስኗል፤ ውሳኔው የመጣው ወላጆች ፍርድ ቤት ከሄዱ በኋላ ነው። የሚያጽናና ድምፅ ያለው፣ ስለ ተናገረው ግን በማንም ፊት የማይጠየቅ አማካሪ ለጎረምሳ መስጠት ከባድ ነገር ነው። ተጠያቂ የሆነው ልጅ ነው፤ አማካሪው አይደለም።

መሣሪያ ሁሉ ይጣል ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የለመዱ ልጆች እንዲተዉ የሚረዳ የስልክ መልእክት አገልግሎት አለ። ልጁ የሚተውበትን ቀን ራሱ ይመርጣል፤ ከሚደርሱት መልእክቶች መካከልም እንደሱ ሲታገሉ የቆዩ ወጣቶች የጻፏቸው ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ጃማ በተባለው መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ተሳታፊዎች አገልግሎቱን ካገኙት 37.8 በመቶው ከሰባት ወር በኋላ ትተው ተገኝተዋል፤ ካላገኙት ደግሞ 28 በመቶው። ርካሽ ነገር ነው፤ አያስፈራራም፣ አይሳደብም። ቀኑን አንተ ምረጥ ይላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚበልጠው ሥራ ኢንጂነሩን አይጠብቅም። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና የመድረሳ ኡስታዞች ልጆቹ የሚያምኗቸው ሰዎች ናቸው፤ ቦትስዋና ላይ ለውጥ ያመጣው እንዲህ ያለ ቅርበት ነው። ስለዚህ ልመናው ለእነሱ ነው። በወር አንድ ሰዓት ለልጆቹ ጥያቄ ይስጡ። ጥያቄው ስም ሳይጻፍበት በቁራጭ ወረቀት ይሰብሰብ፤ በቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትጋበዝና የሕክምናውን ጎን እሷ ትመልስ፤ የእምነቱን ጎን መምህሩ ይመልስ። ወላጆችም ያን ሰዓት አይከልክሉ። ጾሙን እንዲጾም ያዘዝነው ልጅ ወረቀቱ ላይ የሚጽፈውን ጥያቄ ለመመለስ እኛም መዘጋጀት አለብን።